የዛፍ ጎተራ፦ በልጥ ውስጥ ስለሚከማች ፕሮቲንና ስለ ቆቦ ቆላ ዛፎች



ከወልድያ ተነሥቶ ወደ አላማጣ የሚጓዝ መንገደኛ በነሐሴ ወር የቆቦን ሜዳ ሲያቋርጥ አንድ እንግዳ ነገር ያያል። ማሽላው ለምልሞ፣ የዞብል ተራራ ግርጌ ሣር ለብሶ ሳለ፣ በማሳ መካከል የቆመው ገርቢ ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን ይታያል። አገሩን የማያውቅ ሰው «ይህ ዛፍ ደርቋል» ብሎ ይፈርዳል። በኅዳር ቢመለስ ግን ሣሩ ገርጥቶ ያው ገርቢ ለምልሞ ያገኘዋል። የዛሬው ጥያቄዬ ከዚህ ይነሣል፤ ቅጠል የሌለው ዛፍ የሚቀጥለውን ቅጠል የሚያበቅልበትን ስንቅ ከወዴት ያገኛል?

ቅጠል ለመሥራት ስኳር ብቻ አይበቃም፤ ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ ለፕሮቲን ደግሞ ናይትሮጅን የግድ ነው። ናይትሮጅን ከአፈር በቀላሉ የማይገኝ ስለ ሆነ ዛፍ አንድ ጊዜ ያገኘውን በከንቱ አይጥልም። ቅጠሉ ከመርገፉ አስቀድሞ በውስጡ ያለው ፕሮቲን ይፈርስና ወደ አሚኖ አሲድ ተለውጦ ወደ ቅርንጫፉና ወደ ግንዱ ይመለሳል። በብዙ ዛፎች ከቅጠሉ ናይትሮጅን ግማሽ ያህሉ በዚህ መንገድ ከብክነት ይድናል።

ከሚከማችባቸው ስፍራዎች ዋነኛው፣ ከደረቁ የውጭ ቅርፊት ሥር ያለውና ባላገር ለማሰሪያ የሚልጠው ሕያው ልጥ ነው። በልጡና በእንጨቱ ሕያዋን ሕዋሳት ውስጥ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ፤ ፕሮቲኑ በእነዚህ ውስጥ ይቀመጣል። ነገሩ በሚገባ የተመረመረው በቀዝቃዛ አገሮች በሚበቅለው በፖፕላር ዛፍ ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተደረጉት ምርምሮች እንዳሳዩት፣ ቀኑ እያጠረ ሲሄድ 32 እና 36 ኪሎዳልተን የሚመዝኑ ፕሮቲኖች በልጡ ውስጥ ይበዛሉ፤ የብርዱን ወራት በዚያው ቆይተው፣ እንቡጡ ሲፈነዳ ይፈርሱና የአዲሱ ቅጠል ምግብ ይሆናሉ። እንዲህ ያለ ክምችት በሐሩር አገር ዛፎችም፣ ለምሳሌ በማሆጋኒና በጎማ ዛፍ፣ ተገኝቷል። እንግዲህ ልጥ ለዛፉ ልብሱ ብቻ ሳይሆን ጎተራውም ነው።

አሁን ወደ ቆላችን እንመለስ። ገርቢ የዕረፍት ወራቱ ክረምት ነው። ሥሩ እጅግ ጠልቆ የከርሰ ምድርን ውሃ ስለሚደርስ በበጋ ለምልሞ ይቆያል፤ ዝናቡ ሲገባ ቅጠሉን ያራግፋል። የረገፈውም ቅጠል ለገበሬው ይጠቅማል። በሐረርጌ ደጋማ ስፍራዎች ተደርጎ በ1986 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ከገርቢ ሥር የተዘራ ማሽላ ከዛፉ ርቆ ከተዘራው 36 በመቶ፣ በቆሎ ደግሞ 76 በመቶ ብልጫ ምርት ሰጥቷል። ስለዚህ ገርቢ ከሀብቱ ከፊሉን ለማሽላው ይሰጣል፤ የቀረውን ይዞ እስከ መስከረምና ጥቅምት ይጠብቃል።

ሌሎች የቆላ ዛፎች አብዛኞቹ በአንጻሩ ቅጠላቸውን በበጋ ያራግፋሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ዝናቡ ከመግባቱ ጥቂት ሳምንታት አስቀድመው ለጋ ቅጠል ያወጣሉ። አፈሩ ገና ደረቅ በመሆኑ ያ ለጋ ቅጠል በአብዛኛው የሚሠራው ከተከማቸው ስንቅ ነው። ችግሩም ከዚህ ላይ ይመጣል፤ ዛፉ ጎተራውን ባዶ የሚያደርግበት ወር ከብቱ መኖ የሚያጣበት ወር ነውና። እረኛው ለጋውን ቅርንጫፍ ሲመለምል ዛፉ ዳግመኛ የሚያቆጠቁጥበት ስንቅ የለውም። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የድርቅ ዘመናት ወሎ የዘር እህሉን እስከ መብላት የደረሰ ገበሬ አይቷል። የቀጣዩን ዓመት እርሻ ምን ያህል እንደሚጎዳ ለእናንተ መንገር አያሻም። ያለ ወቅቱ የተመለመለ ዛፍም እንደዚያው ነው።

ለዚህ የሚቀርበው የአገራችን ማስረጃ የዕጣን ዛፍ ነው። በመተማና በአበርገሌ ተደርጎ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ ዕጣን ለማውጣት ልጡ የሚደማ ዛፍ የስታርችና የስኳር ክምችቱ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የተለካው ፕሮቲን ባይሆንም ጎተራው አንድ ነው።

ከዚህ ሁሉ ሦስት ምክሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ዛፍ ለጋ ቅጠሉን ባወጣበት ሰሞን አይመልመል፤ ቅጠሉ በስሎ የወጣበትን ስንቅ እስኪተካ ይጠበቅ። ገርቢን በጥቅምት ከመመልመል በሚያዝያ መመልመል ይሻላል። ሁለተኛ፣ በሚመለመልበት ጊዜ ቅርንጫፎቹ በሙሉ አይቆረጡ፤ የተረፈው ቅርንጫፍና ግንድ ማቆጥቆጫ ስንቅ ይይዛልና። ሦስተኛ፣ የቆመ ዛፍ ግንድ ዙሪያውን አይላጥ፤ ጎተራውም ስንቅ ማመላለሻውም በአንድነት ይጠፋሉና።

ማኅበራችንም ድርሻ አለው። ከገርቢ፣ ከቁርቁራና ከግራር በዓመት አራት ጊዜ፣ ማለት ቅጠል ከመርገፉ በፊት፣ በዕረፍቱ ወራት፣ በለጋው ሰሞንና ቅጠሉ ሲበስል፣ ጥቂት ልጥ ወስዶ ናይትሮጅኑን መለካት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከውጤቱ ለየዛፉ የመመልመያ ወር የሚያሳይ አንድ ገጽ ሰሌዳ አዘጋጅተን ለቆቦ ገበሬና ለግብርና ባለሙያው ብንሰጥ፣ ከቤተ ሙከራ የወጣ ዕውቀት በሚቀጥለው ድርቅ ዛፍንም ከብትንም ያድናል። ሥራው በዚህ ዓመት እንዲጀመር ጉባኤውን በአክብሮት እጠይቃለሁ።