ክሩን ማን አየው?

(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ በዓል የመክፈቻ ዕለት የቀረበ ንግግር)



ከእኔ በፊት የተናገሩት ሁሉ ስለ ምርምርና ስለ አዲሱ ሕንፃ ነግረዋችኋል። እኔ የመጣሁት ስለ አንዲት የቴሌቪዥን ፕሮግራም መጽሔት ላወራችሁ ነው። አትሳቁ! የመዝናኛ ንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢ ያደረጋችሁኝ እናንተው ናችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሦስቱ የበዓል ምሽቶች «ኮሎምቦ» ከተባለው የአሜሪካ የወንጀል ድራማ ሦስት ክፍሎች መርጠናል። ያ የተጨማደደ ካፖርት የሚለብሰው፣ ሲጋር የማይለየው፣ ሊወጣ በር ላይ ደርሶ «አንዲት ነገር ብቻ» እያለ የሚመለሰው መርማሪ። ፒተር ፎክ ከ1968 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. በ69 ክፍሎች ተጫውቶታል። እኛ የመረጥናቸው ገዳዩ የእኛው የሙያ ሰው የሆነባቸውን ነው፤ የ1968ቱ የሥነ አእምሮ ሐኪም፣ የ1973ቱ የልብ ቀዶ ሐኪም፣ የ1990ው ደግሞ፣ የጥርስ ሐኪሞች ይቅርታ አድርጉልንና፣ የጥርስ ሐኪም ነው። «ገዳዩን ተናገርሽብን» እንዳትሉኝ። በኮሎምቦ ገዳዩ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ይታወቃል። ልብ የሚሰቅለው እንዴት ይያዛል የሚለው ነው።

ኮሚቴው «ፕሮግራሙን በአንድ ወረቀት አባዝተን እንበትን» አለ። እኔ ግን እንደ ድሮዎቹ መጽሔት እናድርገው ብዬ ድርቅ አልኩ። እንግሊዞች «ሬዲዮ ታይምስ»ን በመስከረም 1923 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ጋዜጦች የቢቢሲን ፕሮግራም ያለ ክፍያ አናወጣም ብለው ስላስቸገሩ ነው። አሜሪካኖች ደግሞ በሚያዝያ 1953 «ቲቪ ጋይድ»ን በአገር አቀፍ ደረጃ ማሳተም ጀመሩ፤ በእጅ የምትያዝ ትንሽ መጽሔት ነበረች። የእነዚህ መጽሔቶች ጥበብ ያለው በጥቂት መስመር ነው። ሰዓቱ፣ ርዕሱ፣ ተዋንያኑ፣ ከዚያም ሰውን ወንበሩ ላይ የሚያስቀምጥ፣ መጨረሻውን ግን የማያወጣ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር። ለወንጀል ድራማ ይኼን መጻፍ ቀላል አይደለም። አንድ ቃል ብታበዛ ታሪኩን ታበላሸዋለህ፤ ብታሳንስ ማንም አይመጣም። ለተረኛ ሐኪም በሽተኛ ስናስረክብ እንደምናደርገው ማለት ነው፤ የሚያስፈልገውን ብቻ፣ ግን የሚያስፈልገውን ሁሉ።

ዕቅዱን ልንገራችሁ። መጽሔቷ 16 ገጽ ናት። አንድ ወረቀት ለሁለት ሲታጠፍ አራት ገጽ ስለሚወጣው፣ አራት ወረቀት ይበቃናል። መጀመሪያ የሦስቱ ምሽቶች ሰንጠረዥ ይገባል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ሁለት ገጽ፤ በግራ የታሪኩ ማስተዋወቂያ፣ በቀኝ «ሐኪሙ ምን ይላል» የሚል ዓምድ። በዓምዱ ላይ በፊልሙ የታየው ሕክምና እውነት ነው ወይስ የሆሊውድ ነው የሚለውን ከእናንተ መካከል ሙያው የሆነ ሰው ይጽፋል።

እኔ የወሰድኩት የ1973ቱን፣ «ኤ ስቲች ኢን ክራይም»ን ነው። የቀኙ ገጽ አላስቸገረኝም። ሐኪሙ የልብ ቫልቭ ሲሰፋ ዘላቂውን ክር ትቶ በሚሟሟ ክር ይሰፋል። እንደምታውቁት ካትገት የሚሠራው ከከብትና ከበግ አንጀት ነው፤ ጉልበቱ በሳምንታት ውስጥ ያልቃል። ለቆዳ ሥር ስፌት ችግር የለውም። ሳያቋርጥ በሚመታ ልብ ላይ ለተሰፋ ቫልቭ ግን ቀን ቆጥሮ የሚፈነዳ ፈንጂ ነው። ሐሳቡ እውነትነት አለው ብዬ ጻፍኩ።

በግራው ገጽ ደግሞ እንዲህ አልኩ፦ «አንድ ጎበዝ የልብ ቀዶ ሐኪም አብሮት የሚሠራውን አንጋፋ ሐኪም ለማስወገድ ማንም የማይጠረጥረው ዘዴ ይቀይሳል። ቀዶ ጥገናው የተሳካ ይመስላል። ሌተና ኮሎምቦ ግን…» ነጠብጣቦቹን ሳስቀምጥ በራሴ ኮራሁ።

ረቂቁን በኮሚቴው ውስጥ ላሉት፣ ተማሪ ሳለን ዎርድ ላይ መርፌ አያያዝ ላስተማሩን ሲስተር ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። «ቆንጆ ነው ዶክተር፣ ልጄ» አሉኝ። ትንሽ ዝም ብለው፣ «ግን ክሩን ማን አየው?» አሉ።

ነርሷ ናት ያየችው። ፊልሙን ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። በቀዶ ጥገናው ላይ የነበረችው ነርስ ሻሮን ማርቲን ናት ክሩን የጠረጠረችው። ሕይወቷን ያጣችውም በዚሁ ነው። እሷ ባትኖር ኮሎምቦ ወደዚያ ሆስፒታል የሚመጣበት ምክንያት አልነበረውም። እኔ ታዲያ ታሪኩን በሁለት ሐኪምና በአንድ ፖሊስ ጨርሼዋለሁ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከተመረቅሁ በሁለተኛው ዓመት በአንድ የገጠር ሆስፒታል የሆነው ትዝ አለኝ። ሌሊት ነው፤ ቄሳርያን ሠርቼ ሆድ ልዘጋ ነው። እስክራብ የነበረችው ሲስተር «ዶክተር፣ አሥር ፓክ ገብቶ የወጣው ዘጠኝ ነው» አለችኝ። ደክሞኝ ነበር። «በደንብ ቁጠሪ» አልኳት። ቆጠረች። «ዘጠኝ ነው» አለች። «መሬት ላይ ወድቆ ይሆናል» ብዬ መርፌውን አነሳሁ። እሷ ክሩን አልሰጥም አለች። በእጇ ይዛው፣ ዓይኔን እያየች፣ «ዶክተር፣ አንዴ ይፈልጉት» አለች። ፈለግሁ። ፓኩ ከአንጀት ጀርባ ነበር።

እናቲቱ ልጇን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። እኔ በኦፕሬሽን ማስታወሻው ላይ «ቆጠራው ትክክል ነው» ብዬ ፈረምኩ። የሲስተርን ስም አልጻፍኩም። አላመሰገንኳትምም። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም በየፊናችን ሄድን።

እንግዲህ ልብ በሉልኝ። ያኔም አሁንም ያወጣኋት ያንኑ ሰው ነው፤ ከማስታወሻውም ከመጽሔቱም። ክፋት አልነበረብኝም። ልማድ ነው። ታሪክ ስናወራ «ሐኪሙ አዳነ» ብለን ነው የተማርነው።

ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቀዶ ጥገና ማረጋገጫ ዝርዝር 19 ነጥብ ብቻ ነው ያለው። ከነዚህ አንዱ፣ ቢላ ቆዳ ከመንካቱ በፊት በክፍሉ ያለ ሰው ሁሉ ስሙንና ሥራውን ይናገር ይላል። ሌላው፣ በሽተኛው ከክፍሉ ሳይወጣ ነርሷ ቆጠራው መሙላቱን በቃል ታረጋግጥ ይላል። በስምንት ከተሞች ባሉ ሆስፒታሎች ተሞክሮ በ2009 በታተመው ጥናት ሞት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። ስሙን የተናገረ ሰው ስህተት ሲያይም ለመናገር ይቀለዋል።

ማስተዋወቂያውን እንደገና ጻፍኩት። በነገው መጽሔት የምታገኙት ይኸው ነው፦

«ሁለተኛ ምሽት፣ 2፡30። ኤ ስቲች ኢን ክራይም። ነርስ ሻሮን ማርቲን (አን ፍራንሲስ) የተሳካ ከተባለ የልብ ቀዶ ጥገና በኋላ አንድ የማይገባ ክር ታያለች። የቀዶ ሐኪሙ (ሌናርድ ኒሞይ) ማየቷን አይቷል። ሌተና ኮሎምቦ (ፒተር ፎክ) እሷ የጀመረችውን ጥያቄ ይቀጥላል።»

ሲስተር አንብበው «አሁን ሆነ» አሉኝ። ክሩ መጨረሻ ላይ የት እንደተገኘ ግን አልነግራችሁም፤ መጥታችሁ እዩ።

ልወርድ ነው። አንዲት ነገር ብቻ…

የመጽሔቷ 15ኛ ገጽ ባዶ ነው፤ ሆን ብለን ነው። ከላይ «ክሩን ማን አየው?» ይላል፤ ከታች መስመር ብቻ ነው። ከስህተት ያዳነቻችሁን ነርስ፣ አዋላጅ፣ የሰመመን ባለሙያ፣ የጽዳት ሠራተኛም ብትሆን፣ አስታውሳችሁ ጻፉ። በሽተኛውን የሚያሳውቅ ነገር አትጻፉ፤ የባለሙያውን ስም ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት የምናወጣው ራሳቸውን አስፈቅደን ነው። መምህሮቻችንም አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ለተማሪዎቻችሁ የኦፕሬሽን ማስታወሻ አጻጻፍ ስታስተምሩ፣ «ቆጠራው ትክክል ነው» ከሚለው ጎን «ማን ቆጠረ?» ብላችሁ ጠይቋቸው።

እኔ ያቺን ሲስተር እየፈለግኋት ነው። በገጹ ላይ የመጀመሪያው መስመር የእሷ ነው።