ከብቸና እስከ ሞጣ የተከተለን ድምፅ

ከብቸና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ ስንጓዝ፣ ፒክአፓችን ጉድጓድ በነካ ቁጥር ከኋላ ያቃስት ነበር። ከጉዞው በፊት አሞርዛተሩን በአዲስ ቀይረናል፤ ድምፁ ግን አልተወንም። ሞጣ ላይ አንድ መካኒክ በባሌስትራው ጫፍ ባለው ጎሚኒ ላይ ውኃ አፈሰሰና መኪናውን ወዘወዘው፤ ጸጥ አለ። ውኃው ሲደርቅ ድምፁ ተመለሰ። (ባሌስትራ በምንጩ በጣሊያንኛ ፍላጻ የሚወረውር መሣሪያም ስም ነው።) የሞተር ዘይት መቀባት ለጊዜው ቢያስታግስም የተፈጥሮ ጎማን አሳብጦ ያበላሻል፤ ስለዚህ ጎሚኒው መቀየር ነበረበት። የአዲሱ ቡሎን በመጨረሻ የሚጠብቀውም መኪናው ከክሪክ ወርዶ በጎማው ሲቆም ነው፤ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ጎሚኒው ተጠማዝዞ ይቀራል፤ ቶሎም ይቀደዳል። ያወጣነው አሞርዛተር ሲፈተሽ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ፤ ዛሬ ከፊታችሁ ጠረጴዛው ላይ ያለው እርሱ ነው።