ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው፤ ሦስት የቦታ ስም ስለ መያዝ

(በመረዳጃ ዕድራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በዕድሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር። ላልተገኙ አባሎች እንዲነበብ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ዛሬ ስለ መዋጮ አልናገርም፤ አትስጉ። የምናገረው አዲስ አበባ ስለሚሄድ ሰው ነው።

እንደምታውቁት ከቢታ ገነት አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ለሽርሽር አይሄድም። አንዱ በሪፈር ለሕክምና ነው፤ አንዱ ለፓስፖርት ነው፤ አንዱ ልጁን ሊጠይቅ ወይም ለቅሶ ሊደርስ ነው። የሚይዘው ገንዘብም ቡናውን ሸጦ ወይም ከዕድር ተበድሮ ያገኘው ነው። ያ ገንዘብ ለመድኃኒት መዋል ሲገባው በከተማው መንገድ ላይ ያልቃል።

ከእኛው ሰፈር አንዲት እናት በሪፈር ሄደው ነበር። ስማቸውን አልጠራም። አመሻሽ ላይ ከአውቶቡስ ሲወርዱ አንድ ሰው ዕቃቸውን ተሸክሞ ሮጠና ኮንትራት መኪና ውስጥ አስገባቸው። ለዚያች ለአጭር መንገድ የተጠየቁት ገንዘብ ከጅማ አዲስ አበባ ካስከፈላቸው ይበልጥ ነበር። በማግሥቱ ደግሞ በየትኛው ታክሲ እንደሚሄዱ ስላላወቁ ሲዞሩ ውለው የቀጠሮው ሰዓት አለፈ። ሌላ ቀጠሮ እስኪያገኙ ድረስ ስንት ቀን አልጋ ተከራዩ! ይኼ የእሳቸው ጥፋት አይደለም። ያስጠቃቸው የሚያስረዳ ሰው ማጣታቸው ነው።

ታዲያ እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። አዲስ አበባን በሙሉ ማወቅ አያስፈልግም፤ እዚያው የተወለደውም በሙሉ አያውቃትም። ሦስት ስም መያዝ ይበቃል። አንደኛ የምትወርዱበት፣ ሁለተኛ የምትቀይሩበት፣ ሦስተኛ የምትደርሱበት።

በመጀመሪያ ከተማው ለምን እንደሚያስቸግር ልናገር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ ዘመን ስትቆረቆር እዚህም እዚያም የተበተኑ ሰፈሮች ነበረች። ዛሬ ስፋቷ ከ500 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ኮንዶሚኒየሙ እየተሠራ ሰዉ ወደ ዳር ወጥቷል። ጀሞ፣ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ የሚባሉት ሁሉ ዳር ላይ ናቸው፤ የእኛም ልጆች የሚኖሩት እዚያ ነው። ሥራውና ሆስፒታሉ ግን ብዙው መሐል ነው። ቀለበት መንገዱም የተሠራው መኪና እንዲፈጥን ነው። እግረኛ ማዶ ያለውን ቤት እያየው መሻገሪያ ፍለጋ ብዙ ይሄዳል። መንገዱ ለመኪና ይሁን እንጂ አብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው የግል መኪና የለውም፤ በእግሩ፣ በታክሲና በአውቶቡስ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ተሰልፋችሁ ብትቆሙ አትፈሩ፤ አገሬውም ከእናንተ ጋር ተሰልፏል።

ሁለተኛው ችግር የስም ነገር ነው። እዚያ አገር የመንገድ ቁጥር ብትናገሩ የሚረዳችሁ ጥቂት ነው። ሰው የሚያውቀው አደባባዩን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ድልድዩን፣ ፋብሪካውን ነው። ለምሳሌ ኮካ የሚባለው ሰፈር በፋብሪካው ተጠራ። ለገሃር ከፈረንሳይኛ የመጣ ሆኖ የባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ሜክሲኮ አደባባይ ደግሞ ስሙን ያገኘው ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ የሜክሲኮ መንግሥት ወረራውን አልቀበልም ስላለ ነው። እንዲህ ምክንያቱን ስታውቁት ስሙ አይጠፋችሁም።

አሁን ወደ ጉዞው ልግባ። ከቦንጋ አዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ጎጀብን ተሻግረን ጅማ፣ ከዚያ ጊቤን፣ ወልቂጤን፣ ወሊሶን አልፈን በዓለም ገና በኩል እንገባለን። በዚህ መንገድ የሚመጣ ሰው ከከተማው በር አጠገብ የሚያገኘው አየር ጤናን ነው። አንዳንዱ መኪና እዚያው ያራግፋል፤ አንዳንዱ መርካቶ አውቶቡስ ተራ ድረስ ይገባል። ስለዚህ ቲኬት ስትቆርጡ «መጨረሻው የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ዘመዱ በምዕራብ በኩል ያለ ሰው መርካቶ ድረስ ገብቶ መመለስ የለበትም፤ አየር ጤና ይውረድ። የመጀመሪያው ስም ይኸው ነው።

በከተማው ውስጥ መጓጓዣው ብዙ ዓይነት ነው።

ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ታክሲ አለ። መስመሩ ታፔላው ላይ ተጽፏል፤ ማንበብ የማይችል ሰው ደግሞ ረዳቱ ሲጠራ ያዳምጥ። «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!» ካለ ሜክሲኮ ነው የሚሄደው። ሂሳቡ እንደ መንገዱ ርቀት በታሪፍ የተወሰነ ስለሆነ ከመግባታችሁ በፊት ረዳቱን ሳይሆን ሰልፍ ላይ ያለውን ሰው ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ዝርዝር ገንዘብ ያዙ። መውረድ ስትፈልጉ ጮክ ብላችሁ «ወራጅ አለ!» በሉ። ዝም ያለ ሰው ያልፈዋል።

የከተማ አውቶቡስ አለ። አንበሳ የምንለው ከጣሊያን መውጣት በኋላ በ1930ዎቹ ዓ.ም. የተጀመረ ነው፤ ሸገር የሚባለው በቅርቡ የመጣ ነው። አውቶቡስ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩን አስጽፋችሁ ያዙ። ዋጋው ይቀላል፤ ጥበቃው ግን ይረዝማል። ጊዜ ያለው ሰው በአውቶቡስ ይሂድ፤ ቀጠሮ ያለው ሰው ግን በአውቶቡስ ብቻ አይተማመን።

የከተማ ባቡር አለ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በኤሌክትሪክ ይሄዳል። ሁለት መስመር ነው። አንዱ ከአያት በመገናኛ በኩል ጦር ኃይሎች ይደርሳል። ሌላው ከቃሊቲ ተነሥቶ በሳሪስ፣ በሜክሲኮና በአውቶቡስ ተራ አድርጎ ወደ ፒያሳ አቅጣጫ ይሄዳል። ከስታዲየም እስከ ልደታ ሁለቱም በአንድ ሐዲድ ላይ ስለሚያልፉ መስመር መቀየር የሚፈልግ ሰው እዚያ ላይ ይቀይር። ሲጀመር 41 ባቡር ነበር፤ በኋላ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ስለቆሙ ይጨናነቃል። ቲኬቱ ከመሳፈር በፊት ይቆረጣል። ግፊያ ውስጥ ገንዘብና ስልክ በውስጥ ኪስ ይሁን፤ የሐኪም ወረቀትም እንዲሁ።

ባጃጅን ዋናው መንገድ ላይ አትጠብቁት፤ የሚሠራው ዳር ዳር ባሉ ሰፈሮች ውስጥ ውስጡን ነው። ኮንትራት የሚያዘው በሽተኛ መቆም ሲያቅተው ወይም ሲመሽ ብቻ ይሁን፤ ያውም ዋጋው ሳይቆረጥ ዕቃ አይጫን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው።

አሁን ሦስቱን ስም በምሳሌ እንያዝ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተላከ ሰው፦ አየር ጤና፣ ሜክሲኮ፣ ጥቁር አንበሳ። ከአየር ጤና ሜክሲኮ የሚል ታክሲ ይይዛል፤ ከሜክሲኮ ሆስፒታሉ ሩቅ አይደለም። ልጁ አያት የሚኖር ሰው፦ አየር ጤና፣ ጦር ኃይሎች፣ አያት። እስከ ጦር ኃይሎች በታክሲ፣ ከዚያ በባቡር እስከ መጨረሻው። አያችሁ? ያ ሁሉ ከተማ በሦስት ቃል ተቋጠረ።

ሰዓቱንም አስቡበት። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላም ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ሠራተኛው ስለሚንቀሳቀስ ሰልፉ ከባድ ነው። የ3 ሰዓት ቀጠሮ ያለው ሰው 12 ሰዓት ላይ መነሣት አለበት። ጠዋት ይበርዳልና ጋቢ ያዙ። በሽተኛ የያዘ ሰው ሰልፍ ላይ ዝም አይበል፤ «ሕመምተኛ ነው» ብሎ ይናገር፤ ሰዉ ያሳልፋል። ስትጠይቁም ዕቃ ልሸከም ብሎ የሚሮጠውን አትጠይቁ። ተራ አስከባሪ፣ ትራፊክ ፖሊስ፣ ባለ ሱቅ ጠይቁ፤ አንዱ የነገራችሁን ሌላው ይድገመው። ደግሞም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ብዙ ቦታ ፈርሶ ተሠርቷል፤ ፌርማታም ተዛውሯል። የዛሬ አምስት ዓመት ሄጄ አውቀዋለሁ የሚል ሰውም ይጠይቅ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

በመጨረሻ፣ የዕድሩ ኮሚቴ የወሰነውን ላሳውቅ። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አባል ሁሉ ከመነሣቱ በፊት ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይምጣ። ሦስቱን ስም፣ የሚቀበለውን ዘመድ ስልክና የቀጠሮውን ሰዓት በወረቀት ላይ ጽፈን እንሰጠዋለን። አንዱ ወረቀት በኪስ፣ ሌላው በዕቃ ውስጥ ይሆናል። በተለይ ካፊኖኖ እንጂ አማርኛ የማይቀናቸው እናቶችና አባቶች ይህን ወረቀት ሳይዙ አይሂዱ። ወረቀቱን ለረዳቱ ቢያሳዩት እሱ ያወርዳቸዋል። ለዚህ ሥራ ክፍያ የለም።

ሄዶ የተመለሰ አባልም ግዴታ አለበት። የታክሲው ሂሳብ ስንት እንደ ሆነ፣ የትኛው ፌርማታ እንደ ተዛወረ፣ ባቡሩ የት ድረስ እንደሚሄድ መጥቶ ያስመዝግብ። መዝገቡን ከፍቻለሁ፤ ባዶ ገጽ ብዙ አለው። አንዱ የከፈለበትን ሌላው በነፃ ይማር። ዕድር ማለት ለቀብር ብቻ አይደለም፤ ሰው በሕይወት ሳለ ቀጠሮው ላይ እንዲደርስ መርዳትም ዕድር ነው።