ፎቶአችንም እንደ ደረሰኛችን እውነት ይናገር
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ አጭር ንግግር)



እኔን የምታውቁኝ በሒሳብ መዝገብ ነው፤ ዛሬ ግን ስለ ፎቶ ልናገር ነው። ባለፈው ሪፖርት የወጣውን የእንጀራ መጋገሪያ ክፍላችንን ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ክፍሉ ስለጠበበኝ ስልኬን 0.5 ላይ አድርጌ ከበሩ ጥግ አነሳሁ። ፎቶውን ያዩ አንድ ደጋፊያችን ቃሊቲ ድረስ መጥተው «ያ ትልቁ አዳራሽ የት ነው?» አሉ። አዳራሽ ያሉት አራት ሴቶች ትከሻ ለትከሻ የሚነካኩበትን ክፍል ነው! ጫፍ ላይ የቆሙት እናታችን ደግሞ ፊታቸው ወደ ጎን ተለጥጦ ሲያዩት «ይቺ እኔ አይደለሁም» ብለው ከዚያ ወዲያ ፎቶ እምቢ አሉ።

ምክንያቱን ስፈልግ ያገኘሁት ይህን ነው። የሌንስ የትኩረት ርቀት በሚሊ ሜትር ይለካል። ቁጥሩ ሲያንስ ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ ሲበዛ ጥቂቱን ያቀርባል። በፊልም ካሜራ 50 መካከለኛ ነው፤ ለፊት ፎቶ 85 አካባቢ ይመረጣል። የብዙ ስልኮች ዋና ሌንስ በዚያው ስሌት ወደ 26፣ 0.5 ደግሞ ወደ 13 ይጠጋል። ሰፊ ሌንስ ጫፍ ላይ ያለውን ይለጥጣል። በቅርብ ያለው ገዝፎ የኋላው ግድግዳ ስለሚያንስም ክፍሉ የረዘመ ይመስላል።

አፍንጫን የሚያገዝፈው ግን ሌንሱ ሳይሆን ቅርበታችን ነው። በሒሳብ እንየው። ጆሮ ከአፍንጫ ጫፍ 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ነው እንበል። ከ30 ሳንቲ ሜትር ስናነሳ ጆሮው 40 ላይ ይሆናል፤ 40 ለ30 ሲካፈል አፍንጫ ከጆሮ አንጻር በ33 በመቶ ገዝፎ ይታያል። ከ150 ሳንቲ ሜትር ስናነሳ ግን ልዩነቱ ወደ 7 በመቶ ይወርዳል። ሰፊ ሌንስ የሚጎዳን ፊቱ ፎቶውን እንዲሞላ ስንል እንድንጠጋ ስለሚያደርገን ነው።

ስለዚህ፦
1. የሰው ፊት ስናነሳ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብለን 2 የሚለውን እንንካ።
2. በቡድን ፎቶ ማንንም ጫፍ ላይ አናጣብ፤ ቦታ ካለ ወደ ኋላ እንራቅ።
3. ክፍል በ0.5 ካነሳን ስፋቱን በሜትር ከሥሩ እንጻፍ።
4. ለባለቤቱ ሳናሳይ አናውጣ።

አራተኛውን ያስተማሩኝ እኚያው እናታችን ናቸው። ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ «አንሺኝ፤ ግን መጀመሪያ እኔ ልየው» አሉኝ። ያለ ደረሰኝ ወጪ አልመዘግብም፤ ከእንግዲህ ያለ ፈቃድም ፎቶ አላወጣም።