ተደጋጋሚ እንቅስቃሴ በእጅ ላይ የሚያደርሰው ጉዳትና መንሥኤዎቹ



እጁን አሞት ወደ ጤና ተቋም የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ በቅድሚያ የሚጠየቀው «ወድቀው ነው ወይስ ተመትተው?» ተብሎ ነው። በጅግጅጋ ገበያ ከስፌት መኪናው ጋር የሚውል ልብስ ሰፊ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። በአንድ እግሩ ቆሞ፣ የወተቱን ዕቃ በታጠፈው ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ግመል የሚያልበው አርብቶ አደርም እንዲሁ ነው። ሁለቱም የተጎዱበትን ቀን መናገር አይችሉም፤ ጉዳቱ በአንድ ቀን አልደረሰምና።

በእጅ አንጓ ውስጥ ባለው ጠባብ መተላለፊያ ጣቶችን የሚያጥፉ 9 ጅማቶችና አንድ ነርቭ አብረው ያልፋሉ። እንቅስቃሴው ሲደጋገምና ዕረፍት ሲጓደል የጅማቶቹ ሽፋን ሊወፍር ይችላል። መተላለፊያው ግን አይሰፋም፤ ስለዚህ ነርቩ ይጨመቃል። አውራ ጣት፣ ጠቋሚ ጣትና መሃል ጣት በተለይ ሌሊት ይደነዝዛሉ።

መንሥኤው የድግግሞሽ ብዛት ብቻ አይደለም። ከፍተኛ ጉልበት፣ የታጠፈ አንጓና የመሣሪያ ንዝረት ጉዳቱን ያባብሳሉ። የስኳር ሕመም፣ እርግዝናና የእንቅርት ዕጢ መዛባትም ለዚሁ ሕመም ያጋልጣሉ፤ ሁሉንም በሥራ ማመካኘት ስሕተት ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ1713 እ.ኤ.አ. በወጣው የመጽሐፉ እትም የጸሐፊዎችን ሕመም በሦስት ምክንያቶች አስረድቶ ነበር፤ ሳያቋርጡ መቀመጥ፣ እጅን በአንድ ዓይነት ሁኔታ ማንቀሳቀስና የአእምሮ ውጥረት።

በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ምክንያት የሚመጣን በሽታ ያውቃል። ይሁን እንጂ አዋጁ የሚገዛው በሥራ ውል ላይ የተመሠረተን ግንኙነት ነው። በራሱ መኪና የሚሰፋውና የራሱን ግመል የሚያልበው ሰው አሠሪ የላቸውም፤ ካሣ የሚጠይቁትም ወገን የለም። እነርሱን ሊታደግ የሚችለው በጊዜ የተደረገ ምርመራ ነው። ሕመሙ ገና ሳይጠና ዕረፍትን ማብዛት፣ እጅ ማፈራረቅና ሌሊት አንጓውን በድጋፍ ቀጥ አድርጎ ማሰር ብዙዎችን ይረዳል። ከዘገየ ግን በአውራ ጣት ሥር ያለው ጡንቻ ይከሳል፤ በቀዶ ሕክምናም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል።

ስለዚህ ውድ ተማሪዎች፣ ለልምምድ ወደ ጤና ጣቢያ ስትወጡ «መቼ ተጎዱ?» ብላችሁ አታብቁ። «ሥራዎ ምንድን ነው? እጅዎ በቀን ምን ያህል ይደጋግመዋል? መቼስ ያርፋል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በካርዱ ላይ ጻፉ።