ክር ሲበጠስ የሚቆም መኪና



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብኩት ስለ ቶዮታ አውቶሞቢል ነው። ይህን ስም በከተማችን የማያውቅ ሰው አይገኝም። ማለዳ ወደ መሥሪያ ቤት የሚያደርሰን ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀባው ሚኒባስ፤ በመሥሪያ ቤት ቅጥር ግቢ ቆሞ የመስክ ጉዞ የሚጠብቀው ላንድክሩዘር፤ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ብዙ ዓመት ቈጥቦና ተበድሮ የሚገዛት ያገለገለች ኮሮላ ወይም ቪትዝ፤ አብዛኛዎቹ የዚሁ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ባለቤቶቹን ስለ ንብረታቸው ብትጠይቋቸው መልሳቸው ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ «አታስቸግርም» ይላሉ። መለዋወጫዋ ከመርካቶ አይጠፋም፤ ጠባይዋን የማያውቅ መካኒክ የለም፤ ልሽጣት ቢሉም ገዥ አይታጣም። ስለዚህ ብዙ ሰው ለክፉ ቀን እንደ ተቀመጠ ጥሪት ይቈጥራታል።

እንግዲህ ይህ ታማኝነት ከየት መጣ? ብዙ ሰው ነገሩን ከብረቱ ጥራት ጋር ያገናኘዋል። ብረቱ መልካም መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም የኩባንያውን ታሪክ ከሥሩ የመረመረ ሰው ከብረቱ የቀደመ አንድ ልማድ ያገኛል፤ ይኸውም ጉድለት በታየ ጊዜ ሥራውን አቁሞ ጉድለቱን በግልጥ ማሳየት ነው። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ስለሆነ ከመነሻው ልጀምር። የውጭ አገሩን ታሪክ ዘመን የምቈጥረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

የቶዮታ ታሪክ የሚጀምረው ከሸማኔ ቤት ነው። ሳኪቺ ቶዮዳ በ1867 በጃፓን አገር፣ ዛሬ ኮሳይ በሚባለው ከተማ ክልል በምትገኝ መንደር ከአናጢ ቤት ተወለደ። በዚያ አገር ሴቶች በየቤታቸው ጨርቅ ይሸምኑ ነበር፤ ወጣቱም የአባቱን የእንጨት ሥራ እየተማረ የእነርሱን ድካም ይመለከት ነበር። ስለዚህ የአናጢነቱን ጥበብ ወደ ሽመናው አዞረው፤ በ1891ም ለሠራው የእንጨት የእጅ መሸመኛ ከመንግሥት የፈጠራ መብት ተሰጠው።

የሽመናን ነገር ለኢትዮጵያዊ አድማጭ ማስረዳት አያስፈልግም። ከድሩ አንድ ክር ተበጥሶ ሸማኔው ሳያስተውል መወርወሪያውን ቢያመላልስ፣ ጉድለቱ እስከ ጋቢው ጫፍ ይከተለዋል። በእጅ የሚሸምን ሰው ዐይኑና ጣቱ ይነግሩታል፤ በሞተር ኃይል የሚሠራ መኪና ግን ዐይን የለውም፤ ደኅናውንም የተበላሸውንም በአንድ ፍጥነት ይሸምናል። ሳኪቺ ብዙ ዓመት የደከመው ይህን ለማቃናት ነበር። በ1924 የፈጸመው የሽመና መኪና ማግ ሲያልቅበት መወርወሪያውን በራሱ ይለውጣል፤ የድር ክር ሲበጠስ ግን በራሱ ይቆማል። ከዚያ ወዲህ ሠራተኛው በእያንዳንዱ መኪና ራስጌ ቆሞ መጠበቅ አላስፈለገውም፤ አንድ ሰው እስከ 30 የሚደርሱ መኪናዎችን ሊቆጣጠር ቻለ፤ የሚሄደውም ወደ ቆመው ብቻ ነበር። በ1929 ፕላት ብራዘርስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ይህን መኪና የመሥራትና የመሸጥ መብት በ100,000 ፓውንድ ለመግዛት ተዋዋለ። ሳኪቺም በ1930 ዐረፈ።

ልጁ ኪኢቺሮ ቶዮዳ በቶክዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና የተማረ ሰው ነበር። በዚያ ዘመን ፎርድ በዮኮሃማ፣ ጄኔራል ሞተርስም በኦሳካ መገጣጠሚያ ፋብሪካ አቁመው የጃፓንን ገበያ ይዘውት ነበር። ኪኢቺሮ ግን አገሩ የራሷን አውቶሞቢል ልትሠራ ይገባታል ብሎ በ1933 በሽመና መኪናው ፋብሪካ ውስጥ የአውቶሞቢል ክፍል አቋቋመ። በ1935 ጂ1 የተባለው የጭነት መኪና፣ በ1936ም ኤኤ የተባለችው የቤት አውቶሞቢል ወጡ። በነሐሴ 1937 ራሱን የቻለ ኩባንያ ተመሠረተ። የቤተ ሰቡ ስም ቶዮዳ ሲሆን ኩባንያው ቶዮታ የተባለበት አንዱ ምክንያት፣ ይኸኛው በጃፓን ፊደል ሲጻፍ በ8 ጭረት ስለሚያልቅና 8 ቍጥር በአገሩ የመልካም ዕድል ምልክት ስለሆነ ነው።

እዚህ ላይ የዛሬ ባለቤቶች ለማመን የሚቸግራቸው አንድ ነገር አለ። የመጀመሪያዎቹ የቶዮታ የጭነት መኪናዎች በየመንገዱ ይሰበሩ ነበር። ስለዚህ ኩባንያው በመጀመሪያው ጊዜ የሸጣቸው ከፋብሪካው ብዙ ላልራቁ ሰዎች ነበር፤ መኪናው በቆመ ጊዜ ባለሙያ ፈጥኖ እንዲደርስለት ማለት ነው። መሐንዲሶቹም በተሰበረበት ስፍራ ሄደው ይጠግኑታል፤ የተሰበረውንም ዕቃ ምክንያት ይመረምራሉ፤ ቀጥሎ የሚሠራው መኪና በዚያ ምክንያት እንዳይሰበር ያሻሽሉታል። የዛሬው ዝና በእነዚያ የመንገድ ዳር ጥገናዎች ላይ የተገነባ ነው።

ከጦርነቱም በኋላ መከራው አላበቃም። በ1950 ኩባንያው በገንዘብ ችግር ሊፈርስ ተቃርቦ ከ1,500 የሚበልጡ ሠራተኞች ከሥራ ወጡ። ኪኢቺሮ ኀላፊነቱን ተቀብሎ ከሥልጣኑ ወረደ፤ በ1952ም የድካሙን ፍሬ ሳያይ ሞተ። በኮርያ ጦርነት ምክንያት የአሜሪካ ጦር ያዘዛቸው የጭነት መኪናዎች ኩባንያውን ከውድቀት አዳኑት። ቀጥሎ በ1957 ክራውን የተባለችውን አውቶሞቢል ወደ አሜሪካ ላከ። ነገር ግን ለጃፓን ጠባብ መንገድ የተሠራችው ክራውን በአሜሪካ ሰፊ አውራ ጐዳና በፍጥነት ስትነዳ ጉልበቷ ይደክም፣ ድምፅዋም ይበዛ ነበር። በ1960 ኩባንያው ድክመቱን አምኖ እርሷን ወደ አሜሪካ መላኩን አቋረጠ፤ ለዚያ አገር መንገድ የሚበቃ ሞተር የተሠራላትን ኮሮናን ይዞ በ1965 ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ ግን ተሳካለት። በ1966 የወጣችው ኮሮላም በ1997 በዓለም ላይ እጅግ የተሸጠች የአውቶሞቢል ስም ለመሆን በቃች።

የሳኪቺ የሽመና መኪና ሐሳብ በአውቶሞቢሉ ፋብሪካ ውስጥ በሌላ መልክ ይኖራል። አውቶሞቢሎቹ እየተገጣጠሙ በሚያልፉበት መስመር ከሠራተኛው ራስ በላይ ገመድ ተዘርግቷል። ማንኛውም ሠራተኛ፣ ሹመት የሌለው ተራ ሰው እንኳ ቢሆን፣ ጉድለት ባየ ጊዜ ገመዱን ይስባል፤ መብራትም በርቶ ችግሩ ያለበትን ስፍራ ያመለክታል። አለቃው ሊረዳው ይመጣል፤ ችግሩ በተወሰነው ጊዜ ካልተቃና መስመሩ ይቆማል። ገመዱን የሳበ ሰው ሥራ አሰናከልህ ተብሎ አይወቀስም፤ ጉድለቱን አይቶ ያሳለፈ ግን ከሥራው ሕግ ወጥቷል።

የአገራችንን ባለቤቶች ያየን እንደ ሆነ፣ በእጃችን ባለው አውቶሞቢል ላይም ያ መብራት አለ። በመሪው ፊት ለፊት ከሚታዩት ትንንሽ መብራቶች አንዱ የዘይት ጣሳ ሥዕል ያለበት ነው፤ የሞተሩ ዘይት ግፊት ሲወርድ በቀይ ይበራል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ የሥራ ባልደረባዬ አጎት ደብረ ብርሃን ላይ ዐርፈው ለቀብር አብረን በእርሱ ኮሮላ ተጓዝን። መንገድ ከጀመርን በኋላ ያ ሥዕል ባለበት ስፍራ ላይ ቁራጭ ፕላስተር ተለጥፎ አየሁ።

«ምነው ሸፈንከው?» አልሁት።

«ሁለት ሳምንት ሆነው፤ እየበራ እየጠፋ ማታ ማታ ዐይኔን ይወጋኛል። ይህች እኮ ቶዮታ ናት፤ ምንም አትሆንም» አለኝ።

እኔም ዝም አልሁ፤ ጥፋቱ የእኔም ነው። ሸኖን ጥቂት እንዳለፍን ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ፤ ወዲያውም ዘይት አጥቶ እርስ በርሱ ተነካክሶ ቆመ። አንድ የጭነት መኪና ጭኖን ደብረ ብርሃን ስንደርስ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ አገኘነው። ባልደረባዬ ያሳደጉትን አጎቱን አፈር ሳያለብስ ቀረ። ከሞተሩ ሥር ያንጠባጥብ የነበረውን ዘይት በጊዜው ለማስጠገን የሚጠይቀው ገንዘብ ጥቂት ነበር፤ ሞተሩን ለማሳደስ ግን የብዙ ወር ደመወዙ ሄደ። ቀብሩን ግን ማንም ገንዘብ አይመልሰውም።

በአንጻሩ በሰፈራችን ያሉ አንድ አዛውንት አንዲት ኮሮላ ዲኤክስ ለረጅም ዘመን ሲነዱ እናውቃቸዋለን። በመኪናቸው ውስጥ አንድ ደብተር አለ። ዘይትና ፊልትሮ የተለወጠበት ቀንና ኪሎ ሜትር፣ የፍሬን ሸራው የታየበት ጊዜ፣ አዲስ የሰሙት ድምፅ ሁሉ በዚያ ይጻፋል። ማለዳ ሞተሩ ሳይሞቅ ውኃውንና ዘይቱን ሳያዩ አይነሡም። ምሥጢሩን ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ መኪና አይዋሽም፤ የሚዋሽ ባለቤቱ ነው» አሉኝ።

ይህን ትምህርት ኩባንያው ራሱ የዘነጋበት ጊዜ ነበር። በ2009 እና በ2010 ከመርገጫ ምንጣፍና ከነዳጅ መስጫ ፔዳል ጋር በተያያዘ ችግር በሚሊዮን የሚቈጠሩ አውቶሞቢሎችን ለእርማት ለመጥራት ተገደደ። የኪኢቺሮ የልጅ ልጅ አኪዮ ቶዮዳ በየካቲት 2010 በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ፤ የኩባንያው ዕድገት ሰዎቹንና አሠራሩን ከማሠልጠን ይልቅ ፈጥኖ እንደ ነበረም አመነ። በ2014 ደግሞ ኩባንያው ስለ ጉድለቱ ገዥዎችን ያሳሳተ መግለጫ መስጠቱን ተቀብሎ ለአሜሪካ መንግሥት 1.2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ክር ሲበጠስ የሚቆም መኪና በሠራው ሰው ቤት ክሩ ተበጥሶ ሽመናው ቀጠለ ማለት ነው። ሰማንያ ዓመት ያህል የተገነባ ስም እንኳ ጉድለትን በመሸፈን ይጐዳል።

ይህ ነገር ዛሬ ለእኛ ከወትሮው ይበልጥ ይመለከተናል። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ አውቶሞቢሎች ላይ ከባድ ቀረጥ ተጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተነገረ። ስለዚህ በእጃችን ያለችው አሮጌ ኮሮላ በቀላሉ ሌላ የምትተካ አይደለችም። ከልጆቻችን ትምህርት ቤት፣ ከሕሙማኖቻችን ሐኪም ቤት፣ ከወዳጆቻችን ለቅሶና ሠርግ የምታገናኘን እርሷ ናት። «ቶዮታ አይሰበርም» የሚለው የኩራት ንግግር እርሷን ከሚገድሏት ነገሮች አንዱ ነው፤ ባለቤቱን ያሳንፈዋልና። ቶዮታ ይሰበራል፤ ከብዙዎች የሚለየው ሲሰበር አስቀድሞ መናገሩና የሚሰማው ሲያገኝ ብዙ ዘመን ማገልገሉ ነው።

የተከበራችሁ አድማጮቼ፤ ነገ ጧት ሞተራችሁን ስታስነሡ አንድ ጊዜ ቆም ብላችሁ በፊታችሁ ያሉትን መብራቶች ተመልከቱ። ከበራ በኋላ የማይጠፋ ካለ ወደ መካኒክ ውሰዱት። የመሥሪያ ቤቱን መኪና የምትነዱም ሆናችሁ የምታስነዱ፣ ሹፌሩ «ድምፅ ሰማሁ» ሲላችሁ «እስከ ወር መጨረሻ ታገሥ» አትበሉት፤ ገመዱን የሳበው እርሱ ነውና አመስግኑት። የጃፓኑ አናጢ ልጅ መኪናውን እንዲቆም ያስተማረው ሥራውን ጠልቶ አልነበረም፤ የጀመረው ሽመና እስከ ጫፉ ደኅና ሆኖ እንዲያልቅለት ነበር።