ስለ ባሪ ሃምፍሪስና ስለ ዴም ኤድና
(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ በቴአትር ክበብ አባላት የተነበበ ንግግር)



በዛሬው በዓል ላይ ክበባችን እንዲናገር ተራ በተሰጠው ጊዜ፥ ስለ ምን እንናገር ብለን ተመካከርን። ስለ ነገሥታት ይሁን ያልን አለን፤ ስለ ጦር ጀግኖች ይሁን ያልንም አለን። በመጨረሻ የተስማማነው ግን ዕድሜውን ሕዝብ በማሳቅ ስለ ጨረሰ አንድ ሰው ለመናገር ነው። ይህ ሰው ባሪ ሃምፍሪስ ይባላል። የአውስትራልያ ተወላጅ ሲሆን፥ በኤፕሪል 22 ቀን 2023 በሰማንያ ዘጠኝ ዓመቱ በሲድኒ ከተማ ዐርፏል። በዚህ ንግግር ውስጥ ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሥራው ምን ነበር ቢባል፥ ወንድ ሆኖ ሳለ ሴት መስሎ መድረክ ላይ እየወጣ፥ ስድሳ ዓመት ያህል በየአገሩ ሕዝብን ሲያስቅ የኖረ ነው። መስሎ የሚጫወታት ሴት ኤድና ኤቨሬጅ ትባላለች።

ይህን ሲሰማ፥ «ወንድ ቀሚስ ለብሶ ቢወጣ ምን ያስመሰግነዋል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ጥያቄው በክበባችን ውስጥም ተነሥቶ ብዙ አከራክሮናል። ስለዚህ መልሳችንን ከታሪክ እንጀምር። ሼክስፒር በኖረበት ዘመን በእንግሊዝ አገር የሴቶቹን ክፍል የሚጫወቱት ልጅ እግር ወንዶች ነበሩ፤ የመጀመሪያዪቱ ጁልየት ወንድ ልጅ ነበረች ማለት ነው። በጃፓን የካቡኪ ቴአትርም ሴት ሆነው የሚጫወቱት ወንዶች፥ ሙያቸው ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ የተከበሩ ሰዎች ናቸው። በእኛም አገር ዘመናዊ ቴአትር ሲጀመር፥ ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር ይቈጠር ስለ ነበረ፥ ወንዶች የሴት ልብስ እየለበሱ ይጫወቱ ነበር። እንግዲህ ነገሩ ለቴአትር እንግዳ አይደለም። የሃምፍሪስ ልዩነት ይህ ነው፤ ሌሎቹ ሴት ሆነው የተጫወቱት የአገሩ ልማድ ስላስገደዳቸው ሲሆን፥ እርሱ ግን በዚያች ሴት አማካይነት የአገሩን ሰው ጠባይ ለማሳየት ፈልጎ ነው።

ሃምፍሪስ በ1934 በሜልበርን ከተማ ተወለደ። አባቱ በቤት ሥራ የበለጸጉ ሰው ነበሩ። ያደገበት ሰፈር ሣሩ የታጨደ፥ መስኮቱ የተወለወለ፥ ሁሉም ሰው ጎረቤቴ ምን ይለኝ ይሆን እያለ የሚኖርበት ሰፈር ነበር። ሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ዲግሪውን ሳይጨርስ ወደ ቴአትር አዘነበለ። በ1955 ከአንድ የቴአትር ጓድ ጋራ በአውቶቡስ በየገጠሩ ከተማ እየዞረ የሼክስፒርን «ዐሥራ ሁለተኛው ሌሊት» ይጫወት ነበር። በየደረሱበት ከተማ፥ ጨዋታው ሲያበቃ የሰፈሩ እመቤቶች ሻይ አቅርበው የምስጋና ንግግር ያደርጉላቸዋል። ሃምፍሪስም አውቶቡሱ ጉዞ ሲጀምር የእነዚያን እመቤቶች ድምፅና አነጋገር እያስመሰለ ባልንጀሮቹን ያስቃቸው ነበር። ከጓዱ መሪዎች አንዱ የነበረው ደራሲው ሬይ ሎለር ይህን ሰምቶ፥ ነገሩን ለመድረክ እንዲያዘጋጀው መከረው። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ኤድና ለመጀመሪያ ጊዜ በሜልበርን መድረክ ላይ ታየች።

የዚያን ቀን ጨዋታ ምክንያቱ የ1956 የኦሊምፒክ ውድድር ነበር። ሜልበርን የዓለምን ስፖርተኞች ለመቀበል ትዘጋጃለች፤ ማረፊያ ቤት እንዳያንስ ተፈርቷል። ኤድናም እንግዶች በቤቴ ይረፉ ብላ ትቀርብና፥ ስለ እንግዶቹ መናገሯን ትታ ስለ ምንጣፏና ስለ ዕቃዋ ታወራለች። ሕዝቡ ሳቀ፤ የሳቀውም እናቱንና አክስቱን፥ ጥቂት ቈይቶም ራሱን ስላየ ነው። እዚህ ላይ እኛን የሚነካ ነገር አለ። ያ የሜልበርን ኦሊምፒክ ኢትዮጵያ የተሳተፈችበት የመጀመሪያው ኦሊምፒክ ነው። በ1968 በሜክሲኮ የማራቶን ባለ ድል የሆነው ማሞ ወልዴም ለመጀመሪያ ጊዜ የሮጠው በዚያ ነበር። ያቺ የቴአትር እመቤት ስለ ቤቷ ስትጨነቅ፥ ይመጣሉ ከተባሉት እንግዶች መካከል የአገራችን ልጆችም ነበሩበት ማለት ነው።

«ኤቨሬጅ» የሚለው ስም በእንግሊዝኛ «መካከለኛ፥ እንደማንኛውም ሰው» የሚል ትርጉም ካለው ቃል የተወሰደ ነው። በመጀመሪያ ኤድና ድምፀ ለስላሳ፥ አለባበሷም ተራ የሆነ የቤት እመቤት ነበረች። ዓመታት ሲያልፉ ግን ዝናዋ እየገነነ፥ እርሷም እየታበየች ሄደች። ጠጕሯ ሐምራዊ ሆነ፤ መነጽሯ እንደ ወፍ ክንፍ ተዘርግቶ አብረቀረቀ። በ1974 በወጣ አንድ ፊልም ውስጥ የአውስትራልያ ጠቅላይ ሚኒስትር ጎፍ ዊትላም ራሳቸው ቀርበው፥ ለታላላቅ ሴቶች የሚሰጠውን «ዴም» የተባለውን ማዕረግ ሰጧት። በ2013 በለንደን በንጉሣውያን ፊት በተደረገ ትርኢት ላይ ደግሞ አልጋ ወራሹ ቻርልስ ከባለቤታቸው ጋራ ከተቀመጡበት ሰገነት ገብታ ዐረፍ አለች። ወዲያውም አንዲት ወረቀት ሲሰጧት፥ ከዚህ የተሻለ መቀመጫ ተገኝቶልኛል ብላ ይቅርታ ጠይቃ ወጣች። አልጋ ወራሹም ከልብ ሳቁ።

የቅኔ ልጆች ስለሆንን ነገሩን በሰምና ወርቅ ብንመለከተው ይቀልለናል። ሰሙ ቀሚሱና መነጽሩ ነው። ወርቁ ግን፥ ትንሽ ሰው ጥቂት ዝና ሲያገኝ ምን ያህል እንደሚታበይ ማሳየቱ ነው። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚለው ተረት በሃምፍሪስ ላይ አይደርስም፤ እርሱ አስቀድሞ ያማሰለው የገዛ ቤቱን ድስት ነውና።

ይህ ሁሉ ያለ ድካም የተገኘ አይምሰላችሁ። ኤድናን መጀመሪያ ለንደን ይዟት በወጣ ጊዜ ሰው አልሳቀለትም። በ1977 ኒው ዮርክ ሲሄድም ጋዜጣ ነቀፈው። ሃያ ሁለት ዓመት ቈይቶ በ1999 ወደዚያችው ከተማ ተመልሶ በብሮድዌይ ተጫወተና በ2000 ቶኒ የተባለውን ታላቅ የቴአትር ሽልማት ተቀበለ። በወጣትነቱም መጠጥ ሕይወቱን ሊያጠፋው ተቃርቦ ነበር፤ በ1970 ገደማ ግን ፈጽሞ ተወው፤ እስኪሞትም ድረስ ወደ እርሱ አልተመለሰም። ለእኛ ለወጣቶች ከሽልማቱ ይልቅ ይህ የሚበልጥ ትምህርት ይመስለናል።

ሙት ወቃሽ አያድርገን እንጂ፥ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ምስጋናችን ሐሰት ይሆናል። ሃምፍሪስ በ1987 የሜልበርን የኮሜዲ በዓል ሲጀመር ከመራቂዎቹ አንዱ ነበር፤ የበዓሉ ከፍተኛ ሽልማትም በስሙ ይጠራ ነበር። ነገር ግን በ2018 ፆታቸውን ስለሚለውጡ ሰዎች የተናገረው ቃል ብዙዎችን ስላሳዘነ፥ በ2019 ስሙ ከሽልማቱ ላይ ተነሣ። በዲሴምበር 2023 ደግሞ በሲድኒ ኦፔራ ቤት መንግሥታዊ የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ተደረገለት። ያዘኑበትም ያከበሩትም የገዛ አገሩ ሰዎች ናቸው።

ከእነዚህ ወገኖች ማንኛው ልክ ነው? ክበባችን የተስማማበት ሐሳብ ይህ ነው። ሳቅ እንደ ምላጭ ነው። የራስን ትዕቢት ሲላጭ ያጠራል፤ ባለ ሥልጣኑንና ባለ ጸጋውን ሲነካ ያስተምራል፤ ቀድሞ የተገፋውን ሰው ሲነካ ግን ያቈስላል። ሃምፍሪስ በኤድና የሠራው ብዙው ሥራ ከፊተኛው ወገን ነው፤ ስለዚህም እናከብረዋለን። ያ ያሳዘነው ቃል ከኋለኛው ወገን ነው፤ ስለዚህም አንሸፍነውም። ሰውን በሙሉ መልኩ ማስታወስ፥ በግማሽ መልኩ ከማወደስ ይበልጣል። እርሱም ራሱ ስድሳ ዓመት ሙሉ ለሰዎች መስተዋት ሲያሳይ የኖረ ሰው ስለሆነ፥ በመስተዋት መታየቱ የሚገባው ነው።

ኤድና ጨዋታዋን ስትፈጽም ግላዲዮሉስ የተባለውን ረዥም አበባ ወደ ተመልካቹ ትወረውር ነበር። ሕዝቡም ቆሞ አበባውን በአንድነት ያወዛውዝላታል። ሲሳቅበት ያመሸ ሰው አበባ ተቀብሎ ወደ ቤቱ መሄዱ፥ ቀልዱ ከጥላቻ የመጣ እንዳልነበረ ምስክር ነው።

ውድ ጓደኞቻችን፤ በየሰፈራችን ኤድናን የሚመስሉ ሰዎች አይታጡም። በሠርግ ላይ የወርቋን ብዛት የምታስቈጥር፥ በለቅሶ ቤት ስለ አዲሱ ሶፋዋ የምታወራ፥ ልጄ ውጭ አገር ነው ሳትል ቡና የማትጠጣ፥ ሁላችንም አንድ እናውቃለን። ክበባችን እነዚህን በመድረክ ሊያሳያችሁ ተነሥቷል። ወንዱ ሴት፥ ሴቲቱም ወንድ ሆነው ቢጫወቱ አትደነቁ። የምንለምናችሁ፥ ስትስቁ ጎረቤታችሁን ብቻ ሳይሆን ራሳችሁንም እንድትፈልጉ ነው። እኛም ደካማውን ላለማቍሰል እንጠነቀቃለን።

እግዚአብሔር የባሪ ሃምፍሪስን ነፍስ ይማር፤ ትምህርት ቤታችንንም ለብዙ ዘመን ያቈይልን።